ሰዓቱን ሳትከፍት ክንዱን እይ

የሁለቱ ወንድማማቾች የሰዓት መጠገኛ በሁለት ትልልቅ ሱቆች መካከል የተሰነቀረች ናት። ርዝመቷ አይታማም፤ ወርዷ ግን ሰው ሁለት ክንዱን አጥፎ በክርኖቹ ብቻ ሁለቱንም ግድግዳ የሚነካባት ናት። ታናሽየው ከውስጥ፣ መብራቱ ሥር ይሠራል። ታላቅየው በሩ ላይ፣ በታጣፊ ወንበር ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል። ከውስጥ ያለው መውጣት ካማረው የደጁ ሰው መነሳት፣ ወንበሩን ማጠፍና ወደ መንገዱ መውረድ አለበት። ስለዚህ ታናሽየው ጎልማሳ ሆኖ፣ ጠጉሩ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ ለሽንት እንኳ ሲሄድ ያስፈቅዳል።

"ጋሼ፣ አሳልፈኝ።"

"ደግሞ ወዴት ነው?" ይላል ታላቅየው። ይነሳል፣ ወንበሩን ያጥፋል፣ ይወርዳል። ክፋት የለበትም፤ ልማድ ነው።

ሱቋን የከፈቱት አባታቸው ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ታናሽየው ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። ወረንጦ አያያዝ ያስተማረው፣ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ሲያጠፋ የቆጣው፣ ሲታመም ያዘለው ታላቅ ወንድሙ ነው። ኋላ እናታቸውም አልጋ ላይ ሲውሉ የሁለቱን እጅ አንድ ላይ ጨብጠው "አደራ፣ አትለያዩ" ብለው አረፉ። አደራ ደግሞ የሰጠው ሰው ከሞተ በኋላ የሚፈታው አይገኝም። ወንድማማቾቹም አልሞከሩትም።

አሁን ግን ታናሽየው ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ደብቋል። በሌላ ከተማ የሚገኝ የሆስፒታል መሣሪያዎች መጠገኛ ሥራ አመልክቶ ተቀብለውታል። ከመሄዱ በፊት እንዲያደምጠው ትምህርቱን በድምፅ ልከውለታል። የሚፈልጉት አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ይመጣል ወይስ አይመጣም? እስከ ዓርብ ካልደወለ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

ለወንድሙ ግን ትንፍሽ አላለም። ቢነግረው ምን እንደሚሆን ያውቃላ! የጋሼ ዓይን ደክሟል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ከባትሪና ከማሰሪያ ያለፈ ሥራ አይሠራም። ታናሽየው ከሄደ ሱቋ ትዘጋለች ማለት ነው። ጋሼ ደግሞ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ የሚናገራት ነገር አለችው፤ "እኔን ከዚህች ሱቅ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው!" ይህን የሚል ሰው ፊት ሱቅ እንዴት ይዘጋል?

ስለዚህ ታናሽየው ገመድ የሌለው ኤርፎን ገዛና ትምህርቱን በጆሮው አድርጎ፣ እጁ ሰዓት እየፈታ፣ ሰርቆ መማር ጀመረ። ታላቅየው ዘፈን የሚሰማ መስሎታል።

ችግሩ፣ ድምፁ ይጠፋል።

አስተማሪው ረጋ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። "የደም ግፊት መለኪያውን መዝጊያ መፍታት የሚቻለው..." ይልና ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይመለሳል፤ "...ያኔ ብቻ ነው። አለዚያ ይሰበራል።" መቼ ብቻ እንደሆነ በጭጩ መሐል ቀረ።

ታናሽየው ነገር በተራው ካልሄደ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ቡሎን ሲፈታ በፈታበት ቅደም ተከተል በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ኤርፎኑንም እንዲሁ ያዘው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የዳነው በየትኛው እንደሆነ አያውቅምና። መጀመሪያ ባትሪውን ሞላ። ጠፋ። የድምፁን ወንፊት በለስላሳ ብሩሽ ጠረገ። ጠፋ። ብሉቱዙን ከስልኩ ሰርዞ እንደ አዲስ አያያዘ። ጠፋ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ሥር አስቀመጠ። ያም አልበጀም። ኤርፎኑ ላይ ቆዳ ነክቶ መሆኑን የምትለይ ጥቁር ዓይን አለች፤ ከጆሮ ሲወጣ ድምፁን ታቆማለች፣ ሲመለስ ትለቃለች። እሷንም በጨርቅ ወለወላት። ድምፁ ሲጠፋ ኤርፎኑ ከጆሮው አልወጣም፤ ንቅንቅ አላለም። ምን ሆና ነው የምታቆመው?

"ምነው ጆሮህን እንደ ጥርስ ሐኪም ጎረጎርከው?" አለ ታላቅየው ከበሩ።

"ድምፁ እየጠፋ ነው።"

"ጉድ እኮ ነው! እኔ በነጻ ሳወራልህ እየዋልኩ የሚጠፋ ድምፅ ትገዛለህ።" ቀን ሙሉ ከአፉ የማይለየውን የእንጨት ስንጥር በጥርሱ ሰበረና ወደ ወለሉ ጣለው። "የጥርስ ሐኪም ካነሳሁ ላይቀር፣ የኔው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ድንጋይ ትቆረጥማለህ እንዴ?' አለኝ። መንጋጋዬ ተፍቆ አልቋል አሉ። እኔ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ?"

ታናሽየው ሳቀ። የተሰባበሩትን ስንጥሮች ሲመሽ ጠርጎ የሚጥላቸው እሱ ነው። አንድም ቀን ግን ምን ያህል እንደሆኑ ልብ ብሎ አይቷቸው አያውቅም።

በነጋታው መንገዱን ተሻግሮ ኤርፎኑን ወደሸጠችለት ልጅ ሄደ። የስልክ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ ለምላሷ ስለት ሰፈሩ "ምላጭ" ይላታል። ኤርፎኑን ጠራረገችና ጆሮዋ ውስጥ ከትታ አንድ ዘፈን ከፈተች። ደንበኛ እያስተናገደች፣ ከሌላው ጋር እየተከራከረች፣ በመሐል ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ዕቃው ንጹህ ነው" አለች። "ጆሮህን ለውጥ።"

"እኔ ጋ ይጠፋል እኮ።"

"አንተ ሰዓት ሠሪ፣ ሰው ነህ ወይስ መብረቅ? እንካ ሌላ። ይሄም ከጠፋ ግን ችግሩ ያለው አንተ ጋ ነው፤ አንተን ደግሞ አልመልስም።"

ሌላውን ይዞ ተመለሰ። እሱም ጠፋ።

ኤርፎኑ ነጻ ከሆነ የቀረው ቦታው ነው። ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ አደመጠ፤ ድምፁ እንደ ውሃ ይፈሳል። ቤቱም እንዲሁ። ሱቋ ውስጥ ሲገባ ይቆራረጣል። እንግዲህ ከግድግዳው ይሆናል፤ ከጎረቤት ማቀዝቀዣ፣ ወይም ከብረት በሩ። በርጩማውን ከወዲያ ወዲህ አዟዟረ። ታላቅየው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በዋለበት ቀን ግን፣ በዚያችው ሱቅ፣ በዚያው በርጩማ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ቃል አልጎደለችበትም።

ታናሽየው ወረንጦውን አስቀመጠ። ግድግዳው አልተለወጠም። ማቀዝቀዣው ያጓራል። የጎደለው ጋሼ ነው።

"ጋሼ፣ ስልክህን ለትንሽ ጊዜ አጥፋልኝ እስቲ" አለው በማግሥቱ።

"ከልጄ ልታቆራርጠኝ ነው?"

"ከኔው ስልክ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ላይ ነው።"

ታላቅየው እያጉረመረመ አጠፋው። ወዲያው አንዲት ሴት ለባሏ ሰዓት ማሰሪያ ልታስቀይር መጣች። "ዛሬም አለህ እንዴ እዚህ?" ስትለው ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አደረገና፣ "ምን ይደረግ፣ ከዚህች ሱቅ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው!" አለ።

ድምፁ ጠፋ።

ታናሽየው ያን ጊዜ አባቱ ይሉት የነበረ፣ ጋሼም ሥራ ሲያስተምረው ደጋግሞ የነገረው ነገር ትዝ አለው። አንዳንድ ሰዓት በአንዱ ክንድ ላይ ይቆማል፣ በሌላው ይሠራል። ስለዚህ የሰዓት ሠሪ የመጀመሪያው ሕግ፣ "ሰዓቱን ሳትከፍት ክንዱን እይ" የሚል ነው። እሱ ስንት ነገር ፈትቶ ገጠመ፣ ክንዱን ግን አላየም።

ደንበኞች ማሰሪያ ሲለኩ የሚያዩበት ትንሽ መስታወት አለ። እሱን አነሳና ከመብራቱ ግርጌ፣ ጉንጩንና ጆሮውን በሚያሳይ በኩል አቆመው። የስልኩን መስኮት አጠገቡ አደረገ፤ ድምፁ ሲቆም ምልክቷ ስለምትለወጥ ዓይኑ ሁለቱን እኩል ይይዛል። ከዚያ ሥራውን እየሠራ ጠበቀ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ስልኩን መልሶ እንደከፈተ ልጁ ደወለች። ራቅ ያለ ከተማ ነው ያገባችው፤ ወልዳለችም። ጋሼ ጆሮው ስለማይረዳው ስልኩን ለመንገደኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ነው የሚያወራው።

"አባዬ፣ ክፍልህን ቀለም አስቀባሁልህ እኮ። ልጁም 'አያቴ መቼ ነው የሚመጣው?' ይላል።"

"አይ ልጄ። አጎትሽን ማን ላይ ጥዬ?"

ታናሽየው የራሱን ፊት በመስታወት አየው። ረጋ ያለ፣ ምንም ያልሰማ የመሰለ ፊት ነው። ከጆሮው ሥር ግን አንድ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እብጠት ከቆዳው ውስጥ ብድግ አለ። መንጋጋው ነው፤ ጥርሱን ነክሷል። እብጠቷ ስትነሳ ኤርፎኑን በጸጉር ስፋት ወደ ውጭ ገፋችው፣ ጥቁሯም ዓይን "ከጆሮ ወጥቷል" ብላ ድምፁን አቆመች። ትንፋሹን ሲለቅ እብጠቷ ሰጠመች። አስተማሪው ካቆመበት ቀጠለ።

ከአንድ ማስረጃ በላይ ይፈልጋልና እስኪመሽ ጠበቀ። "ቃሬዛ" ሲባል ብድግ። "እኛ ሁለታችን እስከ ዕድሜ ልክ" ሲባል ብድግ። "አሳልፈኝ" ብሎ ራሱ ሲጠይቅ እንኳ፣ ጋሼ ወንበሩን እስኪያጥፍ ድረስ፣ ብድግ። ፊቱን ያስተካክላል፣ ቃሉን ይመርጣል፤ ጥርሱን ግን ሲጠብቀው አልኖረም። ስንት ዘመን እንዲህ ነክሶ ኖሯል? ኤርፎኑን ትናንት ገዛው እንጂ መንጋጋውን ትናንት አልገዛው። ቀና ሲል ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ እሱ የተጠጉ መሰለው። አየር ፈልጎ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ጋሼ አለ፣ ጀርባው ሰፊ ነው።

ለምላጭ ሲነግራት ሳቀችበት። "ይሄማ መፍትሔው ቀላል ነው! ሴቲንግ ውስጥ ግባና በራሱ የሚያቆመውን አጥፋው። ከዚያ ጥርስህን ብትሰብረውም አይቆምም።"

"ያኔ መንከሴን አላውቅማ።"

"ማወቁ ምን ያደርግልሃል?" አለች፣ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር እያለች።

ዓርብ ሆነ። ታናሽየው ሲያነሳ ሲጥል ከርሞ ቆርጧል፤ ይቀራል። የደከመ ወንድሙን ካሳደገው ቤት አያባርርም። ስልኩን አወጣና ምላጭ ያሳየችውን ቦታ አገኘው። ያቺን ካጠፋት ድምፁ አይጠፋም፣ ትምህርቱም ለጨዋታ ያህል ያገለግለዋል፣ ጥርሱም የራሱ ጉዳይ። አውራ ጣቱ መስኮቱ ላይ ቆመ።

"አሁንም ከሱ ጋር ነህ?" አለ ታላቅየው። "እስቲ አምጣው። እኔ ጆሮ ገብቶ ይጥፋና እንተያያለን። ችግሩ ያንተ ሐሳብ ነው።"

ታናሽየው አንዱን ፍሬ ጠርጎ ሰጠው፤ ሌላውን ከጆሮው አውጥቶ ወደ መያዣው መለሰ። ጋሼ ጆሮው ውስጥ ከተተና ትንሽ አዳመጠ። ፊቱ ተገረመ።

"ዘፈን አይደለም እንዴ? ይሄ ሰውዬ ስለ ደም ግፊት መለኪያ ነው የሚያወራው።"

መናገሪያው ጊዜ መጣ። ታናሽየው ዓይኑን ስልኩ መስኮት ላይ ተክሎ ጀመረ። "ጋሼ፣ አንድ ሥራ አግኝቼ ነበር። ሌላ ከተማ። የሆስፒታል መሣሪያ መጠገን ነው። ይሄ ትምህርቱ ነው።"

"እና?" አለ ታላቅየው። አስተማሪው እየተናገረ ነው፤ ምልክቷ አልተለወጠችም።

"መልስ የምሰጠው ዛሬ ነበር። ግን ተውኩት። የትም አልሄድም፤ እዚሁ ካንተ ጋር እቀራለሁ።"

"ደግ አደረግህ! ወንድም ማለት እንዲህ..." ታላቅየው ፈገግ እንዳለ ቆመ። ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። "ጠፋ። ኧረ ድምፁ ጠፋብኝ! እውነትም ዕቃህ የተበላሸ ነው።"

ታናሽየው ደንግጦ ቀና አለ። በጋሼ ጉንጭ ላይ፣ ከሽበታሙ ሪዝ በላይ፣ ያቺው የሽምብራ ፍሬ ተነስታለች። የእሱ ደግሞ ትልቅ ናት፤ የብዙ ዘመን ናት። ወለሉን አየ። ስንጥሮቹ ተሰባብረው ተበትነዋል።

አንድ ጊዜ ማየት ምንም አይደለም፤ ሰዓትም አንድ ጊዜ ይቆማል። ድምፁ እስኪመለስ ጠበቀና በተራ አደረገው።

"ብሄድስ ጋሼ?"

"ትሄዳለህ እንጂ፣ ማን ያዘህ? ሰውየው እያወራ ነው።"

"ሱቋን ብንዘጋትስ?"

"ዝጋት። እያወራ ነው።"

"ብቀርስ? ሁለታችን እዚህ ብናረጅ?"

"እሱም ጥሩ ነው፣ እናታችንም ያለችው..." ጋሼ እንደገና ጆሮውን ያዘ። "ጠፋ! ምን አድርገህበት ነው?"

ታናሽየው መስታወቱን አነሳና ወደ ወንድሙ ጉንጭ አዞረው። "ጥርስህን እየነከስክ ነው ጋሼ። ስትነክስ ይጠፋል። እኔም ጋ እንዲሁ ነው። ድንጋዩን ያገኘነው እዚህ ነው፣ ሁለታችንም።"

ታላቅየው መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። በጣቱ እብጠቷን ጫን አደረጋት፣ እንደ ባዕድ ነገር።

"እሷ ቀለም ካስቀባች ቆየች" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "አንተን ጥዬ ብሄድ እማዬ ትታዘበኛለች ብዬ ነው። 'ከሱቋ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው' የምለውም ለዚሁ ነው፤ ምን ልበል ታዲያ? 'ወንድሜ አስሮኝ ነው' ይባላል?"

"እኔም እኮ 'ጋሼ ያለ ሱቋ ይሞታል' ብዬ ነው።"

"እሞታለሁ? ይቺ ሱቅ ናት የገደለችኝ! ክረምት ከበጋ ጀርባዬን ብርድ እየመታኝ!" ጋሼ ጮኸ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየው። የእናታቸው እጅ የሁለቱን እጅ የጨበጠበት ቀን በመሐላቸው ነበር፤ ማናቸውም ግን አላነሱትም።

"ዛሬ ዓርብ ነው" አለ ታላቅየው።

"ዛሬ ዓርብ ነው።"

"ደውላ ታዲያ!"

ታናሽየው ቁጥሩን ነካና ስልኩን ወደ ጆሮው ወሰደ። ይጠራ እንደሆነ አዳመጠ፤ ምንም የለም። እንደ በድን ጭጭ ብሏል። ይኸው፣ የመጨረሻዋ ቀን ደርሶ ስልኩም ከዳው! መስኮቱን አየ፤ ጥሪው ተነስቷል። ሰው አለ፣ ግን አይሰማም። "ሃሎ? ሃሎ?" አለ። መንጋጋው ተቆለፈ።

የረሳት ነገር ጋሼ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ኤርፎን ነበረች። ድምፁ የሄደው ወደዚያ ነው።

በሩ ላይ ታላቅየው ድንገት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ከማያየው ሰው ፊት እንደቀረበ ሁሉ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

"አቤት" አለ ለባዶው አየር፣ ጮክ ብሎ። "አዎ እመቤቴ፣ የሰዓት ሠሪው ስልክ ነው። እኔ? ታላቅ ወንድሙ ነኝ።" አዳመጠ። ታናሽየውን አየው። ታናሽየው ከውስጥ፣ መብራቱ ሥር፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ደርቋል። ጋሼ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

"ይመጣል" አለ። "እንዴታ! ይመጣል። እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩት።"

አነጋግሮ እስኪጨርስ ድምፁ አንድ ጊዜም አልጠፋም። ከዚያ ማንም "አሳልፈኝ" ሳይለው ተነሳ፤ ወንበሩን አጠፈና ወደ መንገዱ ወረደ።